ከዜሮ በታች የሆነው ጎን

ልጄ አብራር በማግስቱ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ነበረባት። ከወደቀች እንደኔ ካፉሪ በሚባለው የሀብታም ሰፈር ሰው ቤት ለሥራ መግባቷ ነው ብዬ ፈራሁ። ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ ደብተሯን ገለጥኩ። የፓራሌሎግራም ጥያቄ ነው። ዙሪያው አሥራ ስምንት ነው፤ ረጅሙን ጎን ሲን፣ አጭሩን ሷድ በሚባሉት የዓረብኛ ፊደላት ሰይማ ሁለት እኩልታ ጽፋለች። አገሬ ወሎ ስማር ሂሳብ እወድ ነበርና በኤክስና በዋይ ገልብጬ ሠራሁት። ረጅሙ ጎን ኔጌቲቭ አንድ ወጣ።

«አብራር! ከዜሮ በታች የሆነ ጎን የት አገር አለ? አለቀልን!»

እርጥብ እጇን ጠርጋ ወረቀቴን አየችና ሳቀች። «እማዬ፣ የኛ ሂሳብ እኮ ከቀኝ ነው የሚነበበው። አንቺ ከግራ ጀምረሽ የረጅሙን እጥፍ ካጭሩ ቀነስሽ።»

ከዚያ ሁለቱንም በኔ ፊደል፣ ከግራ ጀምራ ጻፈችልኝ፦ የሁለቱ ጎኖች ድምር ዘጠኝ፣ ከረጅሙ እጥፍ አጭሩ ሲቀነስ አሥራ ሁለት። «ያላ፣ በይ አሁን ሥሪው።»

ደመርኳቸው። ዋይ ተጠፋፋ፤ ሦስት ኤክስ ሃያ አንድ ሆነ። ረጅሙ ሰባት፣ አጭሩ ሁለት።

«ሙምታዝ! ጎበዝ!» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ።

«ነገ ወደ ፈተናው ስንሄድ አውቶብሱ የወንዙ ድልድይ ላይ ቢበላሽስ?» አልኳት።

«በእግራችን እንሻገራለን፣ እማዬ።»