ያለ ይለፍ የተሻገሩ ንቦች

«መንገዱ ሐሙስ ይከፈታል።»

አጎቴ ሙቅቢል ይህን ማለት የጀመረው በመስከረም ነው። ሐሙስ መጥቶ ሲያልፍ «እኔ እኮ የሚቀጥለውን ሐሙስ ነው ያልኩት» ይላል። አንዴ ከገበያ ሰማሁ፣ አንዴ ከመስጊድ ሰማሁ ይላል፤ የሚዋጉት ሁለቱ ወገኖች ታርቀዋል፣ ሽማግሌዎቹ በግ አርደዋል። የየመን በግ ታርዶ ሊያልቅ ነው፤ መንገዱ ግን እንደተዘጋ ነው።

ጥቅምት ሲገባ ከዚያ በላይ መጠበቅ አልተቻለም። ከተዘጋው መንገድ ማዶ ያለው የዋዲ ሙረይሪ ሸለቆ ቁርቁራ ዛፍ የሚያብበው በዚህ ወር ነው። የዚያ አበባ ማር ዓመቱን ሙሉ ያበላናል። ካመለጠን ደግሞ አጎቴ ቀፎዎቹን ሸጦ ጠመንጃ ይሸከማል፤ በሰፈራችን ደሞዝ ያለው ሥራ እሱ ብቻ ነው። ልጁ ሞክሮት በአንድ እግሩ ተመልሷል። ድሮ አያቴ አበባ እየተከተለ አገሩን ከዳር እስከ ዳር ሲያቋርጥ ንቦቹን «የየትኛው ወገን ናችሁ?» ያላቸው አልነበረም።

ረቡዕ ማታ ቀፎዎቹን ፒካፑ ላይ ደርድረን አፋቸውን በወንፊት ሽቦ ዘጋን። አጎቴ እኔን ከፊት አስቀመጠኝ። ስለወደደኝ አይደለም። ሴት ያለችበት መኪና «ቤተሰብ ነው» ይባልና አይፈተሽም።

«ተቅያ፣ አንቺ ይለፌ ነሽ» አለኝ። ቀጠለና «ይለፍ ደግሞ አፍ የለውም» አለ። አጎቴ ያውቀኛል።

የወዲያኛው ወገን ኬላ ጋ የደረስነው ጎህ ሲቀድ ነው። አዛዡ ዓይድ ከማን ቤት እንደተጎተተ በማይታወቅ የሳሎን ሶፋ ላይ ተንፈላሷል። ከፊቱ በርሜል፣ በበርሜሉ ላይ መንገዱን የዘጋ ሰንሰለት።

«ትእዛዝ እስኪመጣ ቁሙ!»

«ፈንዲም፣ ጌታዬ፣ የጫንኩት ንብ ነው። ፀሐይ ከወጣች ይታፈናሉ» አለ አጎቴ፣ ገንዘቡን በጨርቅ ሸፍኖ እየዘረጋ።

ዓይድ ጨርቁን በጣቱ ገለጥ አደረገና ሳቀ። «አዲሱ ሪያል! ይሄ የእናንተ ወገን ገንዘብ በእኛ በኩል ለጫት መጠቅለያም አይሆንም። አሮጌውን አምጣ፣ ወይም ጠብቅ። ሐሙስ ይከፈታል አላላችሁም? ይኸው ሐሙስ ነው።»

ጠበቅን። ፀሐይዋ ከኮረብታው ጫፍ ብቅ አለች። ከወዲያኛው ወገን ግን ግንድ የጫኑ መኪናዎች ይመጣሉ፤ አንዱ በመጣ ቁጥር ሰንሰለቱ ዝቅ ይላል።

«ለእነሱ ማን ከፈተላቸው?» አልኩ።

ከኋላችን ሽንኩርት ጭኖ የቆመ ደርሃም የሚባል ሹፌር ነበር፤ እሱ መለሰልኝ። «እህቴ፣ እንጨት አይበሰብስ፣ አይለምን፣ የተጠየቀውን ይከፍላል። ጋዝ ከተቋረጠ ወዲህ ዳቦ ቤቶቹ ከማገዶ ሌላ ጌታ የላቸውም። የኔ ሽንኩርት ይኸው ማቆጥቆጥ ጀምሯል። ትንሽ ካቆዩኝ እርሻ ይዤ ነው የምገባው።»

አልሳቅኩም። ጆሮዬ ከኋላ ነበር። ንብ ሲሞቃት መጀመሪያ ትቆጣለች፤ ቀጥሎ ድምፅዋ ይቀጥንና እንደ ሕፃን ለቅሶ ይሆናል። የያዝነውን ውሃ በሙሉ ቀፎዎቹ ላይ አፈሰስኩ፤ ጣውላው ወዲያው ጠጣው። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከታችኛው ረድፍ ስንጥቅ ማር ይንጠባጠባል። ሰሙ ቀልጧል።

«አጎቴ፣ እንክፈትላቸው!»

«እዚህ ከከፈትናቸው ይኮበልላሉ፣ ልጄ። ትንሽ ታገሺ። ትእዛዙ መንገድ ላይ ነው ብለዋል።»

«ማን አለ?»

«ሰዎች።»

«ሰዎቹ እኮ አንተው ነህ!»

አጎቴ መሪውን እንደያዘ ሰንሰለቱን ብቻ ያያል። ያኔ ከታችኛው ረድፍ አንዱ ቀፎ ዝም አለ። ወዲያው ከጎኑ ያለው ዝም አለ።

ወደ ኋላ ዞሬ ጭነቱ ላይ ወጣሁ።

«አንቺ ሴት! ግቢ ወደ መኪናሽ!» ብሎ ዓይድ ጮኸ።

«ና አውርደኝ!»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። በሴት ላይ እጅ ማንሳት እኛ ዘንድ ሰባት ትውልድ የማያጥበው ነውር ነው፤ ዓይድ ሰው ይገድል እንደሆነ እንጂ ይህን አያደርግም። አንዱ ወታደር ጠመንጃውን ወደ ሰማይ ተኮሰ። እኔ ሽቦውን ከቀፎዎቹ አፍ መንቀል አላቆምኩም።

ንቦቹ እንደ ጭስ ፈነዱ። አዛዡ የሶፋውን ትራስ ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ሽርጡን እየጎተተ ሲሮጥ፣ ደርሃም መስኮቱን ዘግቶ ከውስጥ ይስቃል። እኔም ተነደፍኩ፤ አልቆጠርኩትም። መንጋው ከላያችን ዞረ፣ ተጠቀለለ፣ ከዚያ ሰንሰለቱን አልፎ፣ ፈንጂ የተቀበረበትን ሜዳ አልፎ፣ ወደ ዋዲ ሙረይሪ አቅጣጫ ነጎደ።

አጎቴ መሬት ላይ ተቀምጦ እስኪጠፋ ድረስ አየው።

«ጨረስሽን» አለ። የታችኛውን ረድፍ ከፍቶ በገዛ ማራቸው ሰምጠው የሞቱትን እስኪያይ ድረስ ነው ይህን ያለው። ከዚያ ክዳኑን መልሶ ገጠመ።

ባዶዎቹ ቀፎዎች ተሸጡ። አጎቴ ሙቅቢል ከሽበቱ ጋር በእኛ ወገን ኬላ ላይ ሰንሰለት ያዥ ሆነ። እኔ ግን አንገቴን አልደፋሁም። የብርዱን ወራት ሙሉ ጉድጓድ ላይ ለውሃ ለተሰለፉት ሴቶች ሁሉ «የኔ ንቦች ያለ ይለፍ ተሻግረዋል» እላለሁ። አጎቴም ማታ ማታ ጠመንጃውን አስቀምጦ ሲጋደም «አሁን የቁርቁራው ግንድ ውስጥ ገብተው ይሆናል፣ አይደል?» ይለኛል። «ገብተዋል» እለዋለሁ።

መንገዱ በመጨረሻ ተከፈተ። ማክሰኞ ቀን።

ከወዲያ በኩል መጀመሪያ ከመጡት አንዱ ደርሃም ነበር። ገና ከመኪናው ሳይወርድ አጎቴ ጠየቀው፦ «ዋዲ ሙረይሪን አልፈህ መጣህ? ንብ አለ ቁርቁራው ላይ?»

ደርሃም አንዴ አጎቴን፣ አንዴ እኔን አየ።

«የቱ ቁርቁራ ላይ?» አለ። «ያን ቀን በአጠገባችሁ ያለፈው የግንድ ጭነት ምን መሰላችሁ? የመጨረሻዎቹ ቁርቁራዎች ነበሩ እኮ።»