የዋፍራ ኪያር ባሕር ሲሻገር

ከነዳጅ ሌላ ለውጭ አገር የሚሸጥ ነገር በሚፈልግ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት ተቀምጫለሁ። ተቀምጫለሁ ያልኩት አውቄ ነው። ሻዩ የሲሎን፣ ስኳሩ የብራዚል፣ ወንበሩ የጣሊያን ነው። በቢሮው ውስጥ የኩዌት የምንባለው እኔና መብራቱን የሚያበራው ነዳጅ ብቻ ነን፤ ከሁለታችን ደግሞ የሚሠራው እሱ ነው።

አባቴ ዘጠና አልፏቸዋል። ነዳጁ ሳይመጣ፣ ገና በልጅነታቸው፣ በአያቴ መርከብ ቴምር ጭነው ሕንድ ድረስ ነግደዋል። ማታ ማታ ጎረቤትና ዘመድ በእንግዳ መቀበያችን፣ በዲዋኒያችን ተሰብስቦ ሻይ ሲጠጣ፣ ሰው ፊት ይጠይቁኛል።

“ሚሻሪ፣ በዕድሜህ አንድ ነገር ሸጠህ ታውቃለህ?”

ሰዉ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ግን ያመኝ ነበር። እሳቸው ዓይናቸውን ሳይከድኑ አንዲት ነገር ሸጬ ላሳያቸው ቆረጥኩ።

ዋፍራ በረሃ ላይ እንደ ብዙው ሰው ለዓርብ ሽርሽር ብቻ የማስታውሰው የእርሻ መሬት ነበረኝ። ማቀዝቀዣ ያለው የፕላስቲክ ቤት አሠራሁና ኪያር ተከልኩ። የተከለው እንኳ ባንግላዴሻዊው ራፊቅ ነው፤ እኔ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ አበረታታሁ። ኪያሩ ግን አማረ። ባሕሬን ማናማ ላለ ሆቴል አትክልት የሚገዛ ኩርት የሚባል ኦስትሪያዊ አገኘሁና፣ አባቴ እያዩ እንድንዋዋል ዲዋኒያችን ጠራሁት። ኪያሩን የጫነው መኪና በር ላይ ቆሟል።

የአጎቴ ልጅ ዱዓይጅ ትራሱን ተደግፎ ጀመረኝ። “ነዳጁ ሲያልቅ በኪያር ልትቀልበን ነው አሉ።”

“አንተን ለመቀለብማ ኪያሩም ነዳጁም አይበቃም።”

ኩርት ከትሪው አንዱን አንስቶ ገመጠና ዓይኑን ጨፈነ። “እንዲህ ያለ ኪያር በልቼ አላውቅም” አለ።

“ያንተ ነው” አልኩት። “መኪናው የጫነው በሙሉ ያንተ ነው።”

እኔ አልነበርኩም፤ አፌ ነው። እንግዳ ዕቃህን ካደነቀ እንዲህ ይባላል። እንግዳው ደግሞ “ለባለቤቱ ያቆይለት” ይልና ወደ ዋጋ ይገባል። ኩርት አረብኛ የተማረው ከመጽሐፍ ነው፤ መጽሐፉ እዚህ ድረስ አልደረሰም መሰለኝ። እንባው ግጥም ብሎ ተነሣና አቀፈኝ።

“ስለ እናንተ ደግነት ሲያወሩ አላምንም ነበር፣ ወንድሜ” አለኝ።

ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ ለወጉ ያህል ነው እንዴት ይባላል? ሸኘሁት። ኪያሬም ወደ ባሕሬን ሄደ።

“እንኳን ደስ ያለህ” አለ ዱዓይጅ። “አገራችን ከነዳጅ ሌላ ነገር ላከች። ማስከፈሉን ለሚቀጥለው የልማት ዕቅድ እናቆየው።”

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። አፈርኩ። ቢሆንም በሆዴ ተጽናናሁ፤ ነጋዴ ባልሆንም ቸር ነኝ፣ የአባቴ ልጅ ነኝ አልኩ።

ሰዉ ሲወጣ አባቴ ትሪው ላይ የቀረችውን አንድ ኪያር አነሱ። ከኪሳቸው ግማሽ ዲናር አውጥተው ዘረጉልኝ።

“ሽጥልኝ። ስንት ነው?”

ማሰብ ጀመርኩ። ውሃው በመንግሥት ድጎማ ነው፣ መብራቱም እንዲሁ። መሬቱን የሰጠኝ መንግሥት ነው። የራፊቅ ክፍያ ከደመወዜ ነው፣ ደመወዜም ከመንግሥት ነው።

“አላውቀውም፣ አባባ።”

“ለፈረንጁስ ስንት ልትለው ነበር?”

“እሱ የጠራልኝን ዋጋ ልቀበል ነበር።”

ከዚያ ገንዘባቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

“እንግዲያማ፣ ልጄ፣ የሰጠኸውም አንተ አይደለህም” አሉ።