ግማሽ ሰዓት ከአሮጌው መሰርሰሪያ ጋር

ሂዳያ ሱብሒን ከሰገደች በኋላ ተመልሳ አትተኛም። የማታውን ድስት ታጥባለች፣ አባያዋን አራግፋ ትለብሳለች፣ በሩን ሁለቴ ቆልፋ ደረጃውን ትወርዳለች። ጥጉ ላይ ያለው አፍጋኒስታናዊ ዳቦ ጋጋሪ ከሩቅ ሲያያት አንድ ትሚስ ዳቦ ይጠቀልላል። ድሮ ሁለት ነበር የሚጠቀልለው። ከአሥር ወር በፊት፣ ለሁለት ሳምንት ያህል፣ እየተሳሳተ ሁለት ይሰጣት ነበር። እሷም አላረመችውም፤ ኋላ ራሱ ለመደው። ከዚያ ዐዚዚያ ሰፈር ውስጥ የጭነት መኪኖች የሚያድሩበትን ግቢ በጀርባ በኩል ዞራ አሥር ደቂቃ ትሄድና ወርሻው ትደርሳለች።

ወርሻው በርና መስኮት፣ አጥርና የመኪና ጥላ የሚሠራበት አንድ ሰፊ ክፍል ነው። ፈቃዱ ከፊል በሚባለው የአገሬው ዋሳቸው፣ በአቡ ነዋፍ ስም ቢሆንም፣ ብረቱን የሚቆርጡትና የሚበይዱት ባሏ ዳውድና ጓደኛው ፈድሉ ነበሩ። እሷ ትእዛዝ ትቀበላለች፣ ልክ ትጽፋለች፣ ከደንበኛ ጋር በዐረብኛ ትነጋገራለች። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ ተምራ፣ ሺፋ ሰፈር ውስጥ ሦስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ፣ ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ በዚህ ሥራ ወደዚህ ዞረላት። ዳውድ ባለፈው ረጀብ በእንቅልፉ እንዳለ አረፈ። ወርሻው ለሦስት ቀን ተዘግቶ ተከፈተ።

አንድ ቀን ጠዋት ፈድሉ መዝጊያውን ወደ ላይ ሰቅሎ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጠበቃት። አጠገቡ አርባ ስምንት የምሰሶ እግሮች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው አራት ቀዳዳ ያላቸው ወፋፍራም ካሬ ብረቶች ናቸው። የአንድ ትምህርት ቤት የጥላ ሥራ ነበር። ትናንት ከሰዓት በኋላ ተመልሰው መጡ።

«መሐንዲሱ ምን አለ?» አለ ፈድሉ፣ የነገረችውን እንደገና መስማት እንደፈለገ ሰው።

«ቀዳዳው ክብ አይደለም፣ እንቁላል ነው አለ። ብሎኑ ውስጡ ይንቀጫቀጫል።»

«አቡ ነዋፍስ?»

«ሁለተኛ ከተመለሰ ወርሻውን እዘጋለሁ፣ ሁላችሁም የሚቀበላችሁ ሰው ፈልጉ አለ። አሥር ቀን አለን።»

ፈድሉ በቀኝ ጆሮው ወደ እሷ ዘንበል ብሎ ነበር የሚሰማት። ግራው ከብረት መቁረጫው ከግራይንደር ጩኸት ጋር ሲኖር ከሞተ ቆይቷል። እሱ ብየዳ የሚያውቅ ወንድ ነው፤ ሌላ ወርሻ አያጣም። እሷን የሚቀበላት ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም የሰው ቤት ነው። ይህን ሁለቱም ያውቁታል።

ጥፋቱ የቋሚው መሰርሰሪያ ነበር። ወለል ላይ የተተከለ፣ መብሻ ጫፉን፣ ፑንታውን፣ ከላይ ወደ ታች እየጫነ ወፍራም ብረት የሚበሳ ማሽን ነው። ዳውድ ሁለተኛ እጅ ገዝቶት ስድስት ዓመት ሠርቶበታል። ከእሱ በኋላ መዘወሩ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ቀስ እያለ ተበላና መዘወሩንም ይዞት ሄደ። አሥር ወር ሙሉ ከጎኑ ቆመው ሲሠሩ ሁለቱም ምንም አልሰሙም። የማሽን ጥገና ባለሙያው ፈቶ አየውና «ይሄ ኸላስ፣ ቅበሩት» አላቸው።

ስለዚህ በአራት ሰዓት ባጥሐ ገበያ ሄዱ። የማሽን መደብሩ ውስጥ አዲስ መሰርሰሪያ ከነላስቲኩ ቆሟል፤ አረንጓዴ ቀለሙ ያብረቀርቃል። ፈድሉ ዐምዱን በአንድ እጁ ይዞ ነቀነቀው። ማሽኑ ከራሱ እስከ እግሩ ተንቀጠቀጠ።

«ይሄ መሰርሰሪያ ነው ወይስ የልብስ መስቀያ?» አለ በአማርኛ።

የመናዊው ሻጭ ቃሉን ባይሰማም ፊቱን አይቶ ገባው። የዋስትናውን ወረቀት አውጥቶ ለሂዳያ ዘረጋላት። የአንድ ዓመት ደማን፤ ከተበላሸ እንቀይራለን፣ አለ።

«ወረቀቱ ከብረቱ ይወፍራል» አለ ፈድሉ።

ሂዳያ የብረቱን ውፍረትና የቀዳዳውን ልክ ነግራ፣ ይበሳል ወይ ብላ ጠየቀች። ሻጩ አልዋሸም። ይበሳል፣ ግን ሽወይ ሽወይ፣ አለ። ቀስ እያለ፣ ዘይት እየጠጣ፣ በመጀመሪያ በትንሽ ፑንታ ቀጥሎ በትልቁ። ችኩል ሰው ያቃጥለዋል።

«እናስብበት» ብላው ወጡ። መንገድ ላይ ፈድሉ ሐሳቡን ጨርሶ ነበር።

«ዳውድ አዲስ ማሽን ገዝቶ ያውቃል? አንድም ቀን! አዲሱ ቀለም ነው፣ አሮጌው ብረት ነው ይል አልነበር? ያላ፣ ባዩ ጋ እንሂድ።»

እሷም ልቧ ወደዚያው ነበር፤ ዙህርን ሰግደው ሄዱ።

ባዩ የጎጃም ሰው ነው። እዚያው ዐዚዚያ፣ ከእነሱ አራት መንገድ ዝቅ ብሎ ትንሽ ወርሻ ነበረው። የመውጫ ወረቀቱ ተመትቶለት በሳምንቱ ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ አገሩ ሊገባ ስለሆነ ዕቃውን ይሸጣል። መሰርሰሪያው ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ገላው ጊዛ፣ ቀልጦ የተቀረጸ ከባድ ብረት ነው። ቀለሙ ተልጦ አልቋል፤ ጠረጴዛው ላይ ግን አንድም የስህተት ቀዳዳ የለበትም። ፈድሉ ነቀነቀው። እንደ ግድግዳ ቆመ።

«እንዴ፣ ወንድሜ፣ ቤቱን ልታፈርሰው ነው?» አለ ባዩ።

«ይሄ ነው ማሽን!» አለ ፈድሉ ወደ ሂዳያ ዞሮ። ባዩ አስነስቶ አንድ ቁራጭ ብረት በሳ። ቀዳዳው ክብ ነበር፤ ብሎን ከተቱበት፣ ልክክ አለ።

«በሉ እንግዲህ፣ የሚጭነው መኪና ጥሩ» አለ ባዩ።

«አታጥፋው» አለች ሂዳያ። «ግማሽ ሰዓት ይሂድ።»

ይህ የዳውድ ሕግ ነበር። አሮጌ ማሽን እንደ እንግዳ ነው፣ ሲገባ ሁሉም ጨዋ ነው፤ አስቀምጠህ አጫውተው፣ ሲሞቀው ጠባዩን ያወጣል ይል ነበር። የደከመ ኩሽኔታ ወፍራም የማሽን ቅባት፣ ግራሶ፣ ከተሞላ ዝም ይላል፤ ግራሶው ሲሞቅ ይቀጥንና ኩሽኔታው ይናገራል።

«ግማሽ ሰዓት!» አለ ባዩ። «ልትገዙት ነው ወይስ ልጅ ልትድሩለት?»

«ዘሩን እያጣራን ነው» አለ ፈድሉ።

«ደግሞ አንተ በየትኛው ጆሮህ? አንዱን ግራይንደር በልቶታል፣ ሁለተኛውን ሚስትህ በስልክ።»

ተሳሳቁ። ሂዳያ ሰዓቷን አይታ አንድ ባዶ የቀለም ጣሳ ገልብጣ ተቀመጠች። ማሽኑ አንድ ወጥ በሆነ ወፍራም ድምፅ ይዞራል። አሥር ደቂቃ ሄደ። ባዩ ስለ መሬቱ፣ ስለሚሠራው ቤት አወራ። ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ከመንገዱ ማዶ የዐስር አዛን ተሰማ።

«እናጥፋውና ሰግደን እንመለስ» አለ ፈድሉ።

«ከጠፋ ይቀዘቅዛል፤ እንደገና ከአንድ መጀመር ነው። አንተ ሂድ። እኔ ቆይቼ እሰግዳለሁ።»

«ይዙር ይዙር» አለ ባዩ፤ «ከእንግዲህ የመብራቱ ነገር አያገባኝም።»

ፈድሉ ሄደ። ሃያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ፣ ከወፍራሙ ድምፅ ሥር አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማት። ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ይመጣል። ከጣሳው ተነሣች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ባዩ አንገቱን አዘነበለ። «ቺንጋው ይሆናል። ሲሞቅ ይላላል።»

የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ሊሆን ይችላል። ከሆነ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ተቀይሮ ያልቃል። ኩሽኔታ ከሆነ ደግሞ ሳምንት ሳይሞላው ቀዳዳው እንቁላል ይሆናል፣ ብረቱ ለሁለተኛ ጊዜ ይመለሳል፣ ወርሻውም ይዘጋል።

ቀኝ እጇን ዐምዱ ላይ፣ ከሞተሩ ትንሽ ዝቅ አድርጋ አሳረፈች። ዳውድ በራሳቸው ማሽን ላይ እጁን የሚጭነው እዚያ ነበር። አንድ ቀን፣ ገና የተጋቡ ሰሞን፣ እጇን ይዞ ወስዶ ከእጁ ሥር አስቀመጠው። «ይሰማሻል? ከታች፣ እንደ አሸዋ ያለ?» አላት። ብረቱ ይንቀጠቀጣል፤ ሌላ የተሰማት ነገር አልነበረም። «አዎ» አለችው። ደስ አለው። በሌላ ጊዜም ጠየቃት፤ ያኔም አዎ አለች። ከዚያ ወዲያ የምታውቅ መስሎት አልጠየቃትም።

እጇን እንደጫነች ቆየች። ብረቱ ለብ ብሏል፤ ይንቀጠቀጣል።

«ባዩ ወንድሜ» አለች፣ እጇን ሳታነሣ። «አንተ ማሽንህን ታውቀዋለህ። ቺንጋ ነው ኩሽኔታ?»

ባዩ ጨርቅ አንሥቶ እጁን ጠረገ፤ እጁ ንጹሕ ነበር።

«እውነቱን ልንገርሽ እህቴ፣ እኔም አላውቅም። በየሁለት ወሩ ዳውድ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ማታ ሲያልፍ ጎራ ብሎ እጁን ይጭንበት ነበር። ግራሶ ጨምርለት ካለኝ እጨምራለሁ፣ ቺንጋ ቀይር ካለኝ እቀይራለሁ። ካለፈ ወዲህ ማንም አልጫነበትም። ደህና ነው ብዬ ልምልልሽ እችላለሁ፤ ግን ምን አውቄ ነው የምምለው?»

ዳውድ እዚህ ይመጣ እንደነበር አታውቅም ነበር። አንዳንድ ቀን አምሽቶ ይገባና የት ነበርክ ስትለው «መንገድ ላይ» ይላት ነበር። እጇን ከዐምዱ አነሣች።

«አጥፋው» አለች። «አመሰግናለሁ።»

ፈድሉ ከመስጊድ ሲመለስ ማሽኑ ቆሞ ነበር። «ታዲያስ? መኪና ልጥራ?»

«አዲሱን እንገዛለን።»

«ምን? ያንን የልብስ መስቀያ?»

«ያንን።»

«ምን ሰማሽበት?»

«አንድ ነገር ሰማሁ። ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም።»

«እቴ፣ ዳውድ ቢኖር...»

«ዳውድ ቢኖር ይሄንን ነበር የሚገዛው» አለች፤ ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። «እሱ አሮጌ የሚገዛው መስማት ስለሚችል ነው። አንተ አትሰማም። እኔም አልሰማም። ለእኛ የሚሆነው ወረቀት ያለው ነው።»

ፈድሉ ባዩን አየው። ባዩ መሬት መሬት ያያል። ሲወጡ ባዩ ደጃፉ ድረስ ሸኛቸው፤ የሂዳያን ዐይን ሳያይ፣ «አልተቀየምኩም እህቴ» አለ።

በማግስቱ አረንጓዴው መሰርሰሪያ መጣ። ለአርባ ስምንቱ እግር አዲስ ብረት ቆረጡ። ፈድሉ ለሁለት ቀን እያጉረመረመ ሠራ፤ በሦስተኛው ቀን ማጉረምረሙን ረሳው። በትንሽ ፑንታ፣ ከዚያ በትልቁ፣ ዘይት እያጠጡ፣ ሲግል እያሳረፉ። ሂዳያ ዘይቱን ታንጠባጥባለች፣ እያንዳንዱን ቀዳዳ በብሎን ትሞክራለች። በዘጠነኛው ቀን ጨረሱ። የትምህርት ቤቱ መሐንዲስ ስድስት እግር መርጦ ብሎን ከተተባቸው፣ ነቀነቀ፣ ሌላ ሦስት ጨመረ፣ ፈረመ። አቡ ነዋፍ ማታውን ደውሎ «ማሻአላህ» አለና ስለ ሌላ ሥራ ማውራት ጀመረ።

የባዩን ማሽን ሁለት ፓኪስታናውያን ገዙት። ከወር በኋላ ሂዳያና ፈድሉ የመስኮት ልክ ወስደው ሲመለሱ በገዢዎቹ ወርሻ ደጃፍ አለፉ። ፈድሉ ቆመ።

«ያ እኮ ነው፤ እየሠራ ነው!» አለ። «እኔ ግልጽ አይሰማኝም። ደህና ነው?»

ሂዳያ ከጎኑ ቆማ አዳመጠች። አንድ የጭነት መኪና እስኪያልፍ ጠብቃ እንደገና አዳመጠች። ወፍራም ድምፅ ነበር። ከሥሩ ቀጭኑ ይኑር አይኑር መለየት አልቻለችም።

«አላውቅም» አለችው፤ ሄዱ።

አረንጓዴው መሰርሰሪያ ወርሻው ውስጥ አሮጌው በነበረበት ቦታ ቆሟል። የዋስትናው ወረቀት ከበላዩ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። እጁን ጭኖ የሚያዳምጠው ሰው የለም።