የወርቅ ሰፈሩ ዋስ

ዘርአጽዮንን የሰደበው ተስፉ ነው፤ የሚስቱ የመብራት ታናሽ ወንድም። ዕለቱም የእህታቸው የሉዋም መልስ፣ ከጦርነቱ በፊት በነበረው ጥር፣ ቦሌ ሚካኤል በተተከለው ድንኳን ውስጥ። ዘርአጽዮን ሰሃኑን ይዞ ቁርጥ ሊያስቆርጥ ቆሟል። ተስፉ ቢራውን ከፍ አደረገና፣ «ለሱ ወፈር አርጋችሁ ቁረጡለት፤ ወርቅ ፍለጋ ሄዶ ጫማውን ጥሎ የመጣ ሰው ነው» አለ። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ሌላው ቢስቅ ግድ የለም፤ መብራትም በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች።

ነገሩ ውሸት አልነበረም። በጉልምስናው ከሽሬ ወዲያ ባለችው አሮጌ የወርቅ ከተማ ቆፍሯል፤ ጉድጓድ ተደርምሶበት፣ ሰሊጥ በጫነ መኪና ላይ፣ በላስቲክ ጫማ ተመልሷል። ቢሆንስ? እውነትም ቢሆን በአደባባይ ሲወረወር ድንጋይ ነው።

ጦርነቱ ቆሞ መንገዱ ከተከፈተ በኋላ፣ ወርቅ መግዛት የጀመረው ተስፉ «ወደ ወርቅ ከተማዋ ውሰደኝ» ብሎ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም፣ ዘርአጽዮን ቤት ድረስ መጣ። በዚያ የወርቅ ሰፈር ቆፋሪ ለባዳ ወርቅ አያሳይም። አብሮ የቆፈረ ሰው «ወንድሜ ነው» ብሎ ከአንድ ሳህን ማብላት አለበት። ከዚያ በኋላ ባዳው ቢያጭበረብር የሚረክሰው የዋሱ ስም ነው። ዘርአጽዮን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ድንኳን ውስጥ ያልከውን፣ ያው ሰው ባለበት ይቅርታ ብለህ ታነሳልኛለህ።»

«እሱን ነው እንዴ እስካሁን የያዝከው? እሺ ጋሼ ዘርኡ፣ በማርያም፣ ቤቴን ሳስመርቅ እክስሃለሁ።»

የተስፉን መኪና የነዳው ዘርአጽዮን ነው። ተስፉ ከጎኑ አልተቀመጠም፤ ከኋላ ተንጋሎ ስልኩን ይጎረጉራል። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲውጣቸው እንኳ ቀና አላለም። አላማጣ ምሳ ሲያዝ አስተናጋጇን፣ «ለሾፌሩም አንድ» አላት። ዘርአጽዮን ቃሉን ከእንጀራው ጋር ዋጠው። ምርቃቱ ይድረስ ብሎ።

ሲደርሱ ከተማዋ አረጀችበት። ያኔ ወርቅ ያስመዘነባቸው ሱቆች ጣሪያቸው ተገፎ፣ ግድግዳቸው ብቻ ቆሟል። ከተደረመሰው ጉድጓድ ጎትቶ ያወጣው ገብረሰንበት ግን አለ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ገብረሰንበት ተስፉን ከእግር እስከ ራሱ አየውና ጠየቀ።

«ይሄ ማንህ ነው?»

ዘርአጽዮን ያቺ ድንኳን ዓይኑ ላይ መጣችበት። ሆኖም፣ «ወንድሜ ነው» አለ። ቅጫውን፣ ያገሩን ቂጣ፣ ከአንድ ሳህን በሉ። ተስፉ ያሰበውን ያህል ገዝቶ፣ ከኋላ ተኝቶ ተመለሰ።

የተስፉ ቤት ምርቃት ለሚ ኩራ ነበር፤ ደረጃው ገና ሲሚንቶው ያልተለሰነ፣ ሳሎኑ ግን በመስታወት ያበደ ቤት። የድንኳኑ ሰው ሁሉ ተጠርቷል። ዘርአጽዮን ኮቱን አስተኩሶ፣ በር አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቃል። ተስፉ በተነሳ ቁጥር አሁን ነው ይላል። ተስፉ ቢራ ያመጣና መልሶ ይቀመጣል። በኋላ እዝራ የሚባለው የተስፉ ሸሪክ በጣቱ ወደ በሩ እያሳየ፣ «ይሄ ማንህ ነው?» አለው።

ተስፉ የጎረሰውን እንኳ አልዋጠም። «እሱ? ሾፌር ነው። መንገዱን ያውቃል፤ ወርቁን ነው የማያውቀው።»

ያው ሳቅ መጣ። ዘርአጽዮን መብራትን አያት። እጇ ወደ ነጠላዋ ሄደ።

ተስፉ ሳቁን ሳይጨርስ በጣቱ ጠራው። «ጋሼ ዘርኡ፣ ነገ እዝራ ብቻውን ወደ ወርቁ ሰፈር ይወጣል። ለገብረሰንበት ደውልለትና ወንድሜ ነው በለው።»

ሁሉም እሱን ያያል። ስልኩ ደረት ኪሱ ውስጥ ነው፤ የገብረሰንበትም በር፣ የእዝራም መንገድ እዚያው ነው። ዘርአጽዮን ሰሃኑን ከነሥጋው ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። ኮቱን ቆለፈ። ባልተለሰነው ደረጃ ግድግዳውን እየያዘ ወረደ።

ተስፉ በረንዳ ላይ ወጥቶ፣ ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ ደግሞ ጠራው። ዘርአጽዮን ስልኩን ከኪሱ ሳያወጣ፣ በጠጠሩ ላይ ጫማውን እያስጮኸ ወደ ታክሲ መያዣው ሄደ።