የጽዳት ሠራተኞቹ ምሳ

እናንተ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ፣ ባሕር አለ? ከሌለ ቁጭ በሉና ፈጣሪያችሁን አመስግኑ። አንዲት እናት ግን አለባት። ባሕር ሲባል የመስታወት ገንዳ ነው፤ ጨዋማ ውሃ፣ ድንጋይ፣ ድንጋዩ ላይ ኮራል የሚሉት እንደ አበባ የሚከፈት የሚዘጋ ፍጥረት፣ ሁለት ዓሣ፣ ከላይ ሰማያዊ መብራት፣ ከታች ቀን ከሌት የሚያንጎራጉር ሞተር።

ባሕሩን ያመጣው ባሏ ነው። ዕድሜ ልኩን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኖ ምሰሶ ላይ ሲወጣ ሲወርድ ኖረ። ጡረታ ሲወጣ ሌላው ሰው ወይ ያርፋል ወይ ጓሮውን ይኮተኩታል፣ እሱ የዓሣ ገንዳ ገጣጠመ። ለዚያውም የሳሎኑን ደህና ጥግ ይዞ፤ ነፋስ የማይገባበትን፣ ከወጥ ቤቱም ጭስ የራቀውን።

እሷ መጀመሪያ ላይ ዝም አለች። ሥራ የፈታ ባል እኔ ላይ ከሚነጫነጭ ከዓሣ ጋር ቢያወራ ይሻለኛል ብላ። ግን ጨው የሚበጠብጠው በልብስ ማጠቢያ ሳፋዋ ነው። ቱቦውን የሚፈገፍገው በጥርስ ብሩሽ ነው፤ በማን የጥርስ ብሩሽ እንደሆነ አልነገራትም፣ እሷም ፈርታ አልጠየቀችም።

ቀስ በቀስ ደሞ ገንዳው አረንጓዴ ሆነ። አልጌ ይባላል አላት። እሷን የቸገራት ስሙ አልነበረም። መስታወቱ ላይ እንደ ንፍጥ ይለጠፋል፣ ድንጋዩ ላይ እንደ ፀጉር ይበቅላል። ሲፍቀው ይውላል፣ ሲነጋ ተመልሶ ቦታውን ይዟል።

እንዲህ እያለ ትልቋ ልጃቸው ወለደች። የልጅቷ ባል ለሥራ ራቅ ብሎ ስለሄደ ሕፃኑን ይዛ እነሱ ቤት ልትከርም ነው። የሕፃኑ አልጋ የት ይግባ? ከዚያች ጥግ የተሻለ ቦታ ቤቱ ውስጥ የለም።

«የማሙሽ አባት፣ ይሄ ነገር ይውጣልኝ» አለችው።

«የት ይውጣ?»

«ከባሕር አይደል የመጣው? ወደ ባሕር።»

«ከቦታው ከተነሳ ኮራሉ ይሞታል። ይቺን ሐምራዊዋን የጣት ጥፍር ከምታክል ጀምሬ ነው ያሳደግኳት።»

እውነቱን ነው። የገዛ ልጆቹን እንኳ እንዲያ ቁጭ ብሎ ሲያድጉ አላየም፤ እነሱ ሲያድጉ እሱ ምሰሶ ላይ ነበር። ይህንን እያሰበች ትንሽ ራራችለት።

«እሺ፣ እንዲህ እናድርግ። ልጅቷ ስትመጣ ውሃው ጠርቶ፣ መስታወቱ ወለል ብሎ ከጠበቀኝ፣ ለአልጋው ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ። እንደ ረግረግ ሆኖ ከቆየኝ ግን ይወጣል። ከዚያ ወዲያ እንዳትለማመጠኝ።»

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

በነጋታው ባልዲ አንጠልጥሎ መጣ። ባልዲው ውስጥ ቀንድ አውጣዎች፣ የሞተ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ለብሰው የሚኖሩ ትናንሽ ሸርጣኖች፣ አንድ ደሞ እሾኻም ድቡልቡል፣ የባሕር ጃርት የሚሉት።

«የጽዳት ሠራተኞቼ ናቸው» አላት እየተፍነከነከ። «አልጌ ነው የሚበሉት። ልሰው ልሰው መስታወት ያስመስሉልሻል።»

«ምሳቸውን ማን ያቀርባል?»

«ምሳቸው ራሱ ቆሻሻው ነው።»

«ሌላ ምንም አትሰጣቸውም?»

«ምንም። ሲርባቸው ነው የሚሠሩት።»

ይቺ ንግግር ጆሮዋ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። ሴትዮዋ ትምህርት ቤት ምግብ ቤት ውስጥ ወጥ ስትሠራ ነው ያረጀችው። ሳህን ይዞ ፊቷ የቆመ ልጅ ሳይጠግብ ሄዶ አያውቅም። ቤቷ ጣሪያ ሊጠግን የመጣ፣ ቧንቧ ሊቀጥል የመጣ ሁሉ በልቶ ነው የሚወጣው። ሠራተኛ አስገብቶ ጦሙን ማዋል እሷ ቤት ነውር ነው።

ጠዋት ጠዋት ሁሉም ሳይነሳ ጸሎቷን የምታደርሰው ሳሎን ነው። አንድ ቀን ጨርሳ ቀና ስትል፣ አንዱ ሸርጣን ከቅርፊቱ ብቅ ብሎ ያያታል። ዓይኖቹ የክብሪት እንጨት ጫፍ ነው የሚያካክሉት። አንጀቷ አልችል አለ። ወጥ ቤት ገብታ ከማታ የተረፈ የተቀቀለ ድንች ቆርሳ ጣል አደረገችለት። ሸርጣኑ በሁለት እጁ ተቀበላት። በሁለት እጁ። ስንት የሰው ልጅ እንዲያ አይቀበልም።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ሆነ። ድንች፣ ሩዝ፣ ሲገኝ የእንቁላል አስኳል። ቀንድ አውጣዎቹም ሽታው ሲደርሳቸው ከመስታወቱ ወርደው ይመጣሉ። ለባሏ አልነገረችውም፤ ስስታም መባሉን አይወድም ብላ።

ሥራው ግን የት አለ? ጃርቱ ያገኘውን ሁሉ ጀርባው ላይ ጭኖ ይዞራል። ጠጠር ይሸከማል፣ ባዶ ቅርፊት ይሸከማል፤ አንድ ቀን ያችን ሐምራዊ ኮራል ነቅሎ እንደ ኮፍያ ደፍቷት ተገኘ። ባሏ በሙጫ መልሶ እስኪያጣብቃት ድረስ ውሃ አልቀመሰም። ቀንድ አውጣው ከመስታወቱ ይወድቅና በጀርባው ይንጋለላል፤ ራሱን መገልበጥ አያውቅበትም። ማን ይገልብጠው? እጅጌዋን ሰብስባ እስከ ብብቷ የምትነከረው እሷ። ሸርጣኖቹ ደሞ ቅርፊት ለመቀማማት ይደባደባሉ።

«ይሄ ጽዳት ነው ወይስ የተከራዮች ጠብ?» አለች።

«ታገሺ፣ ይጀምራሉ።»

«መቼ ነው የሚጀምሩት? ማሙሽም ሥራ እጀምራለሁ ሲል እንዲሁ ነበር የከረመው።»

ማሙሽ የሚሉት የመጨረሻ ልጃቸውን ነው። ስሙ ማሙሽ ይሁን እንጂ ጢሙ ደረቱ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ማተሚያ ቤት ነው የሚሠራው።

«እማዬ፣ እኔን ምን አመጣኝ?» አለ ከሶፋው ላይ ሳይነሳ።

አልጌው እንደሆነ ጭራሽ ባሰበት። ጥቅጥቅ አለ፣ ዓሣዎቹም የማይታዩበት ጊዜ መጣ፣ ኮራሉ ጫፍ ጫፉን አረንጓዴ ፀጉር ለበሰ። ባሏ ውሃ ይቀይራል፣ ይፍቃል፣ ይቀይራል። በሳፋው ልብስ ማጠብ ካቆመች ከረመች። እሷ ስታየው ይደንቃታል፤ ይሄን ሁሉ እያበላኋቸው እንዴት ሰው ትንሽ አያፍርም ትላለች በሆዷ።

ልጅቷ ነገ እመጣለሁ ብላ ስትደውል፣ ባሏ አልተለማመጣትም። ቃል ቃል ነው ብሎ ቀንድ አውጣዎቹን ለሸጠለት ዓሣ ሻጭ ስልክ መታና መጥተህ ውሰደው አለው።

ዓሣ ሻጩ የጎማ ቦቲ ጫማውን እንዳደረገ፣ ባልዲዎቹን ደራርቦ ገባ። ማሙሽ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ገፋ። እሷ የወለል ጨርቁን ይዛ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች፤ ጥጉ ባዶ ሲሆን ከምኑ እንደምትጀምር እያሰላሰለች። አልጋው በዚህ፣ መጋረጃው በዚያ።

ሻጩ እጁን ከትቶ አንዱን ቀንድ አውጣ አነሳና አገላብጦ አየው።

«አባባ፣ ምን እያበላህ ነው?»

«ለዓሣዎቹ በየሁለት ቀኑ ቁንጥር። ለነዚህ ምንም።»

«አይሆንም። እነዚህ እኮ ጠግበዋል። የጠገበ ቀንድ አውጣ አልጌ አይነካም። አልጌውንም ያፋፋው ከላይ የሚጣለው ምግብ ነው፤ ትራፊው ይበሰብስና እንደ ማዳበሪያ ይሆንለታል።»

እሷ ደረቁን የወለል ጨርቅ ጨመቀችው።

ባሏ ቀስ ብሎ ወደ ማሙሽ ዞረ። «አንተ ነህ። ሶፋው ላይ እያመነዠክ ፍርፋሪህን የምትጥል አንተ ነህ።»

«እኔ? የራሴን ምግብ ለቀንድ አውጣ? አባዬ፣ ታውቀኝ የለ እንዴ?»

«ሌላ ማን አለ? ዕድሜህን ሙሉ እንዲሁ ነህ። አንድ ነገር ተው ሲሉህ አትተውም።»

«እማዬ፣ ንገሪው እንጂ።»

ማንም ወደ እሷ አላየም። ማሙሽ እንኳ ንገሪው ሲል ዓይኑ አባቱ ላይ ነው። ዝም ብትል ልጁ እንደሆነ ተቆጥተውት ሲያበቃ ይረሳዋል። ገንዳው ይወጣል። ሕፃኑ ነፋስ በማይገባበት ጥግ ይተኛል፤ ሳፋዋም ይመለስላታል። ለክፋት ብላ አላደረገችውም፣ ፈጣሪም ያውቃል። እንዲህ እያለች ከራሷ ጋር ተሟገተች። ፈጣሪ ያውቃል የሚለው ላይ ስትደርስ ግን ነገሩ አላስኬድ አላት። ያውቃላ። በየጠዋቱ እሱው ፊት ነበር ድንቹ የሚቆረሰው።

«እስቲ አንዴ አሳልፉኝ» አለች።

ወደ ገንዳው ሄዳ ጠዋት ጠዋት የምትቆምበት ቦታ ቆመች። አንድ ሸርጣን ከድንጋዩ ሥር ብቅ አለ። ሌላው ተከተለው። ከዚያ ሁሉም እየተገፋፉ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየተንጠላጠለ፣ ከፊት ለፊቷ መስታወቱ ሥር ተሰበሰቡ። እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ይጠብቃሉ።

ሻጩ የያዘውን ቀንድ አውጣ ወደ ውሃው መለሰ።

«ምን ነበር የምትሰጪያቸው?» አለ ባሏ።

«ድንች። ሩዝ።»

«ሌላስ?»

«አስኳል።»

«አስኳል» ብሎ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

«ምሳ የለም አልከኝ እኮ። ሠራተኛ ብለህ አምጥተህ ምሳ የለም አልከኝ። እኔ ምን ላድርግ?»

ማሙሽ ሳቁ ሲያመልጠው አባቱ አፈጠጠበት። ስለወነጀለው ግን ይቅርታ አልጠየቀውም፤ ፊቱን ብቻ አዞረ።

«የሆነው ሆኗል» አለ ባሏ። «ጠርቶ ከጠበቀኝ ነበር ያልሽው። አልጠራም። አንተ፣ ቅዳ።»

ሻጩ ባልዲውን አነሳ።

«አትቅዳ» አለች። «እንዳይጠራ ያደረግኩት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ አቆሽሼ በቃሌ ላስወጣው? ይሄንን ጠዋት ተንበርክኬ ምን ብዬ ነው የምናገረው? ይቀመጥ።»

«አልጋውስ?»

«መኝታ ቤታችን ይገባል። ባንተ በኩል። ሕፃኑ ሲያለቅስ አንተ ነህ የምትነሳው፤ ያኔም ምሰሶ ላይ ነኝ እንዳትለኝ።»

ባሏ ተነስቶ ሐምራዊዋን ኮራል ጎንበስ ብሎ አያት፣ ቀጥሎ እሷን አያት።

«እኔ ታዲያ ለምን መጣሁ?» አለ ሻጩ። «ይሄን ሁሉ ባልዲ ተሸክሜ።»

«አንተ ቁጭ በል። የሚቀመስ አቀርባለሁ።»

«እኔም እንደነሱ ስጠግብ አልሠራም» አለ፣ ግን ቁጭ አለ።

ልጅቷ መጣች፣ ሕፃኑም በአያቱ በኩል ተኛ። ሠራተኞቹ ምሳ ሲቋረጥባቸው ጥቂት ቀን አኩርፈው ከረሙና ቸግሯቸው አልጌውን ያዙት። መስታወቱ እኩሌታው ጠርቷል፣ የቀረውም ለመጥራት እያሰበበት ነው። ሳፋዋ ዛሬም አልተመለሰላትም። ጃርቱ ደሞ የሕፃኑን ጡጦ ክዳን አግኝቶ ለብሷል፤ ማን እንደጣለው እስካሁን አልታወቀም።

ትልቁ ችግር ጠዋት ጠዋት ነው። እሷ ለጸሎት ስትቆም ሸርጣኖቹ ተሰልፈው እጃቸውን ያነሳሉ። ሐሳቧ ተበታተነባት፣ ስንቴ እንደ አዲስ ጀመረች። አሁን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው የምታደርሰው፣ ጀርባዋን እያዩ መሆናቸውን እያወቀች።

እናንተም እነሱ ቤት ከገባችሁ፣ እባካችሁ፣ ምንም አትጣሉላቸው። ዓይን ዓይናችሁን ቢያዩአችሁም።