የሸራ ፎቅ

ጠዋት ሱሪ እየቆረጥኩ ሳለ ቤቱ ድንገት ጨለመብኝ። መብራት ሄደ እንዳልል መጀመሪያም አላበራሁም፤ የምሠራው በበሩ በሚገባው ብርሃን ነው። ቀና ስል በሩ ላይ ሸራ ተወጥሯል። ውጭ ሚስማር ይመታል።

"ኧረ ውስጥ ሰው አለ!" ብዬ ጮህኩ።

"እናውቃለን እናቴ፣ ትንሽ ታገሺ!" አለኝ መዶሻ የያዘው። እንግዲህ ሰው መኖሩን እያወቁ ነው የሚመቱት።

በጓሮ ወጥቼ፣ በሽንት ቤቱ አጠገብ ሾልኬ፣ የፀጉር አስተካካዩን የዱባለን ግቢ አቋርጬ አስፋልቱ ላይ ደረስኩ። ከቦዲቲ ወደ ሶዶ ሲገባ በስተግራ ያለነው ሰባት የጭቃ ቤቶች የለንም። በእኛ ቦታ ረጅም ባነር በአጠና ላይ ተወጥሯል። ባነሩ ላይ ሰማያዊ መስታወት የለበሰ ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ አለ። ፊቱ ዘንባባ ተተክሏል። ልክ በእኔ ሱቅ ደጃፍ ላይ ደግሞ አንዲት ቢጫ ፀጉር ፈረንጅ ውሻ እየጎተተች ትንሸራሸራለች። በዚያ ደጃፍ ስንት ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ፤ ውሻ ይዞ ሲንሸራሸር ያየሁት ሰው የለም።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት ቃለሕይወትን። ቃለሕይወት የከተማ ማስዋብ ኮሚቴው ባለሙያ ነው፤ ያን ሕንጻ ኮምፒውተር ላይ የሣለው እሱ ራሱ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም። ሥዕሉን ሲያይ ዓይኑ ያበራል።

"ዲዛይኑ ነው፣ እትዬ አባይነሽ። ለጊፋታ ትልልቅ እንግዶች በዚህ መንገድ ይገባሉ። ከተማችን ወዴት እየሄደች እንደሆነ ይዩ ብለን ነው።"

"እኛስ ወዴት እንሂድ?"

"እናንተማ አላችሁ! በዓሉ እስኪያልፍ ነው። ዕረፍት አድርጉበት።"

ዕረፍት! መስከረም ላይ! ወላጅ ሁሉ ለልጁ ዩኒፎርም የሚያሰፋው በዚህ ሰሞን ነው፤ የዘመን መለወጫችን የጊፋታ አዲስ ልብስም የሚታዘዘው አሁን ነው። በመስከረም ያልሠራ ልብስ ሰፊ እስከ ገና ጦሙን ያድራል። ይህን ለቃለሕይወት ነገርኩት። "ይገባኛል" አለና ስልኩን አውጥቶ ባነሩን ፎቶ ማንሳት ጀመረ።

ሁለት ቀን በአምፖል ሠራሁ። አንድ ሰው አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ከሸራው ወዲያ የማውቀው ድምፅ ሰማሁ። ልጆቿን ለክቼላት የሄደች የሁምቦ ሴት ናት።

"እዚህ ልብስ ሰፊ ሴትዮ ነበረች" ትላለች። "የት ሄዳለች?"

"ፈርሷል መሰለኝ" አላት የባጃጅ ሾፌሩ።

ደሜ ፈላ። መርፌ በእጄ ይዤ፣ ክር በጥርሴ ነክሼ፣ ፈርሳለች ተባልኩ!

ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ መቀሱን አነሳሁ። ዝም ብዬ አልዘነጠልኩትም። ቁመቱንም ወርዱንም ለክቼ በጠመኔ አሰመርኩና ሦስት ጎኑን ቀደድኩት። ጠርዙን አጥፌ በጆንያ መርፌ ቀመቀምኩት፤ ጠርዙ የተተረተረ ሥራ ከእኔ እጅ አይወጣም። ወጥቼ ሳየው የፈረንጇ ውሻ ለሁለት ተከፍሏል።

"እዚህ ነሽ እንዴ!" አለች የሁምቦዋ ሴት። ወደ ላይ አንጋጣ አየችና ሳቋ መጣ። "ይሄ ፎቅ ያንቺ ነው?"

"የኔ ነው። ግቢ።"

ዱባለ ቀድሞ "እኔ የለሁበትም፣ እንዳታስገቢኝ" ብሎኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ወረፋዬን ሲያይ ግን ጉሮሮውን እየጠራረገ መጣ።

"ለእኔም አንድ ብትከፍቺልኝ። ትንሽ ትሁን፣ ጎንበስ ተብሎ የሚገባባት።"

"ጎንበስ የሚያስብል በር አልቀድም። ከፈለግክ ሙሉ ነው።"

"እሺ፣ ሙሉ ይሁን" አለ። በማግስቱ ጫማ ሰፊውም ባለ ሻይ ቤቷም መጡ። ሳምንቱ ሳያልቅ ባለ መስታወቱ ሕንጻ ሰባት በር ነበረው።

ቃለሕይወት ሲመጣ ፊቱ ቀልቷል። "የመንግሥት ንብረት ይቀደዳል? ዛሬውኑ መልሰው ይስፉት!"

"አልሰፋም።"

"ለምን?"

"የቤቴ በር ስለሆነ።"

ዞር ዞር ብሎ አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ለበዓሉ ቀን ብቻ ይዝጉት፤ ሌሎቹም እርስዎን አይተው ይዘጋሉ። ሕንጻው ሲሠራ ምድር ቤቱ ላይ ሱቅ እንዲሰጥዎ እኔ ራሴ እናገራለሁ።"

እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ሸፈተ። ጣሪያው የማያፈስ፣ መስታወት ያለው ሱቅ ማን ይጠላል? እጁን ይዤ ወደ ሸራው ወሰድኩት።

"አሳየኝ። የእኔ የቱ ጋ ነው?"

ካፌ ሥሏል። ባንክ ሥሏል። ጣቱ ከወዲያ ወዲህ ሄዶ ሄዶ አንድ ምሰሶ ላይ ቆመ። "እዚህ ጋ... ሊሆን ይችላል።"

"ልብስ ሰፊ አልሣልክም። ዱባለንም አልሣልክም። ለሥዕል ያልበቃን ሰዎች ሕንጻው ሲሠራ ትዝ እንልሃለን?"

ጣቱን ከሸራው ላይ አነሳ። "እንግዲያው ይታሸጋል" ብሎ ሄደ።  ፈርቼ ነበር፤ ሌላ ሥራ አላውቅም፣ ሌላ ሱቅም የለኝም።

የጊፋታ ዕለት ጠዋት ስደርስ የሸራው በሬ ላይ ወረቀት ከዳር እስከ ዳር ተለጥፏል፤ ታሽጓል ይላል፣ ማህተም አለው። የሰባታችንም እንዲሁ። ዱባለ በአዲስ ሸሚዙ ከወረቀቱ ፊት ቆሞ "አበቃልን" አለኝ። መንገዱ ሞልቷል፤ ከየገጠሩ የመጣው ሰው "ዮዮ ጊፋታ!" እያለ ይወርዳል። የሁምቦዋ ሴት ልጆቿን ይዛ ቆማለች። የበዓል ልብሳቸው ውስጥ ነው ያለው። ትንሿ ልጅ በአሮጌ ቀሚሷ ከእናቷ ኋላ ተደብቃለች።

ያቺን ልጅ ሳይ ፍርሃቴ ለቀቀኝ። በጓሮ ዞሬ ገባሁና፣ ከማሸጊያው አንድ ክንድ ፈቀቅ ብዬ ሌላ በር ቀደድኩ። ዱባለን ጠርቼ የልጆቹን ልብስና የስፌት መኪናዬን አወጣንና መኪናዋን ከሸራው ፊት፣ መንገዱ ዳር አስቀመጥናት። ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ።

ቃለሕይወት እየሮጠ መጣ። ከኋላው የእንግዶቹ መኪኖች ጥሩምባ ይሰማል።

"ምን አደረጉ! ታሽጎ የለም እንዴ?"

"ታሽጓል። ማሸጊያህን አልነካሁትም፤ ሂድና እየው።"

"ይሄኛውንም እናሽገዋለን!"

"ለጥፍ" አልኩት። "ሸራህ ረጅም ነው፤ እኔም ገና አልደከመኝም።"

መኪኖቹ ደረሱና ፍጥነታቸውን ቀነሱ። የትንሿን ልጅ ቀሚስ የመጨረሻ ቁልፍ እየተከልኩ ስለነበር ቀና ብዬ አላየኋቸውም። እነሱ ግን አዩኝ።