አልጣበቅ ያለ ስም

ዓሣ አጥማጁ ፌሌቲ ለሦስተኛ ጊዜ ሱቄ ሲገባ ምን ይዞ እንደመጣ ገና ሳላይ አወቅሁ። የሟች አባቱን ስም በመዳፉ ጨብጦ ነበር፤ ታኒዬላ። ሰማያዊ ፊደሎቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል። እርስ በርስ ሲሆን ይጣበቃሉ! አዲሱ ጀልባው ላይ ሲሆን ነው እምቢ የሚሉት።

«ደግሞ ወደቀ?» አልኩት።

«ሆፖ፣ ያንተ ስቲከር የቫቫኡ ደሴት መሳቂያ ሆነ እኮ!»

ደሜ ፈላ። ኔያፉ ወደብ ካሉት ጀልባዎች የግማሹን ስም የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ማዕበል ያልላጠው የእጄ ሥራ በዚህ በአንዱ ጀልባ ይዋረድ? በሳሙና አጥቤ፣ በአልኮል ወልውዬ፣ በጥላ አድርቄ፣ ከመሃል ወደ ዳር እየተጫንኩ ነው የለጠፍኩት። ዓርብ ደግሞ የወደብ ተቆጣጣሪው ይመጣል፤ ስም የሌለው ጀልባ ባሕር አይወጣም።

«እሱስ ይቅር» አለ ፌሌቲ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እናቴ እህል መቅመስ ትታለች። አባዬ የሞተ ዕለት ጠዋት ተጣልተው ነበር። ስሙ በወደቀ ቁጥር ‹ይቅር አላለኝም› ትላለች። የሰፈሩ ሴቶችም ‹እውነትሽን ነው› እያሉ ያባብሱባታል።»

 ተናድጄ ፊደሎቹን ከእጁ ተቀብዬ ልወረውራቸው ስል አንድ ሽታ አወደኝ። ጀርባቸውን አሸተትኩ። የሄይላላ አበባ የገባበት የኮኮናት ዘይት፤ ለሙታን ክብር የመቃብር ጠጠር የምናሽበት!

«ጀልባውን ዘይት የሚቀባው ማነው?»

«እናቴ ናት። በየማለዳው፣ ስሙን ብቻ።»

ሱቁን ሳልዘጋ ወደ ባሕሩ ዳር ሮጥኩ። የፌሌቲ እናት አናሴይኒ ጀልባው ጥግ፣ የዘይት ጠርሙሳቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ በሞቴ፣ ይህን ዘይት ይተዉት!»

«ምን በደልኩ ልጄ? በወደቀ ቁጥር እኮ እጨምርለታለሁ፣ ልቡ እንዲራራ።»

«ዘይቱ ነዋ የሚጥለው! ሙጫው ጀልባውን ራሱን መንካት አለበት። እንደ ወፍራም ማር እየተሳበ ዓይን የማያየው ጭረት ውስጥ ሁሉ ይገባል። ለዚህ ሦስት ቀን ይፈልጋል። እርስዎ በማግስቱ ከሥሩ ዘይት ያስገቡበታል። መሃል ዘይት ካለ ምኑን ይዞ ይቁም?»

«ታዲያ የሚጥለው ባለቤቴ አይደለም?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። ወዲያው ምላሴን ብነክሰው ደስ ባለኝ።

ጠርሙሱን ከጎናቸው አስቀመጡ። በኋላ «ምን ላድርግ?» አሉኝ።

«ሦስት ቀን አይንኩት።»

«ሦስት ቀን ሙሉ?» ሌላ ሞት ያረዳኋቸው ያህል ፊታቸው ተለወጠ።

ማክሰኞ ዘይቱን አስለቅቄ ስሙን ለአራተኛ ጊዜ ለጠፍኩ። እውነቱን ለመናገር አላመንኳቸውም፤ በቀን ሁለቴ ሄጄ እሰልል ነበር። ሁልጊዜም ከስሙ ፊት ለፊት፣ እጃቸውን ከጭናቸው ሥር አድርገው ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ።

ዓርብ ተቆጣጣሪው የመጀመሪያውን ፊደል ጠርዝ በጥፍሩ ቧጠጠ። አልተነሳም። ሌላውንም ሞከረ፣ እምቢ አለው። ፈርሞ ሄደ። ፌሌቲ ሞተሩን ሊያመጣ እየጮኸ ሮጠ።

«አሁን ቢቀቡትም አይወድቅም እማማ» አልኳቸው።

ጠርሙሱን አልከፈቱም።

«በሞተ ዕለት ጠዋትም የለመነኝ ይኸንኑ ነበር» አሉ ስሙን እያዩ። «‹ትንሽ ተይኝ› ነው ያለኝ። እኔ ግን እየጮህኩ እስከዚህ ድረስ ተከተልኩት።»